የነጃት ሦስት ደብተሮች

ልጆቹ ናቸው ንገሪን ያሉኝ። እኔ እንኳ ወሬ ከጀመርኩ ከፈረስ መጋላ ተነስቼ ጅጅጋ እንደምደርስ ስለማውቅ ዝም ብል ይሻለኝ ነበር። ባለፈው ሳምንት ልጄ ነጃት ፕሮፌሰር ሆነች ተብሎ ቤቱ በእንግዳ ሞላ። ቀዩ መደብ ላይ ሰው ከላይ እስከ ታች ተደርድሮ፣ ሳምቡሳው ሲዞር፣ ከዩኒቨርሲቲው የመጣ አንድ ሽበታም መምህር ተነሳና «ይህቺ አንዴ ጨርሳ ከዜሮ የጀመረች ሴት ናት» ብሎ ተቀመጠ። ሁሉም አጨበጨበ። የልጅ ልጄ ሂክመት፣ የነጃት የመጀመሪያዋ፣ ዘንድሮ ሕግ ትምህርት የገባችው፣ ጆሮዋ ቆመ። እንግዳው ሲወጣ እናቷን ይዛ «ከዜሮ ማለት ምን ማለት ነው?» አለቻት። ነጃት ሳህን እየሰበሰበች ነበር፤ ቀና ሳትል፣ «አያትሽን ጠይቂ፣ እሷ ናት ዜሮ ያደረገችኝ» ብላ ሳቀች። በሳቅ የተባለ ነገር ነው፤ እኔን ግን ደረቴን ወጋ አደረገኝ። ይኸውና ሂክመት ወረቀቷን ይዛ ፊቴ ተቀምጣለች። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ አወራለሁ፣ እሷ ትጽፋለች። «አያቴ፣ ከመጀመሪያው ጀምሪ» ትለኛለች። መጀመሪያው የቱ እንደሆነ ማን ያውቃል።

እሺ፣ መኪና ግርግር ይሁን። ዛሬም ስሙ ያው ነው፤ ከፈረስ መጋላ ወደ ጊድር መጋላ የሚወርደው ጠባብ መንገድ፣ ግራና ቀኙ ልብስ ሰፊ። ስሙን ያወጣለት የልብስ መኪናው ጫጫታ ነው። ባለቤቴ ዩሱፍ፣ አላህ ይርሐማቸው፣ እዚያ ከአንድ የጨርቅ ሱቅ ደጃፍ መኪናቸውን ተክለው አርባ ዓመት ሰፍተዋል። ያኔ የወንድ ሱሪ ማሰፊያ ሦስት ብር ነበር፣ የሴት ቀሚስ አምስት ብር። ሙሽራ የምትለብሰው፣ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ጠበብ ብሎ የሚጠለፈው ገናፊ ሱሪ ከሆነ ግን እንደ ጥልፉ ነው፤ ሲከራከሩ ይውላሉ። ሴቱ ጨርቁን ከሱቁ ይመርጣል፣ ሐምራዊ፣ ብርቱካንማ፣ እንደ በሰለ ማንጎ ቢጫ፤ ዞር ብሎ ለሰፊው ይሰጣል፤ በርበሬና ጨውን ሸምቶ ሲመለስ ልብሱ አልቆ ይጠብቀዋል። ሰማያዊዎቹ ፔዦ ታክሲዎች ሸዋ በር ውጭ ተደርድረው በስሙኒ ያደርሱሻል። ዛሬ ባጃጁ የፈለገውን ይጠራብሻል፣ እሱንም ፊቱን አጥቁሮ። ካሴት ቤቱ ከጠዋት እስከ ማታ ያንኑ አንድ ዘፈን ይደጋግማል፤ የዩሱፍም እግር የመኪናውን መርገጫ በዘፈኑ ልክ ይመታ ነበር። እሳቸው ግን አያንጎራጉሩም። ዝምተኛ ሰው ነበሩ። በቀን ሰባት ቃል ነው የሚናገሩት፣ ስድስቱ ለደንበኛ ነው እያልኩ እቀልድባቸው ነበር።

ነጃት ያደገችው እዚያ መኪና ሥር፣ ቁርጥራጭ ጨርቅ ላይ ተቀምጣ ነው። ጨርቅ የተጠቀለለበትን አሮጌ ጋዜጣ ዘርግታ ታነባለች። «አባዬ፣ ይህ ሰውዬ ምን አድርጎ ነው የታሰረው?» ትላቸዋለች። «ክሩን አቀብዪኝ» ይሏታል። ከዚያ አዲስ አበባ ሄዳ ሕግ ተማረች፤ ተመልሳ ደግሞ እዚሁ አቅራቢያችን ባለው ዩኒቨርሲቲ አስተማሪ ሆነች። ከሰፈራችን ሴት ልጅ እንደዚያ ስትሆን የመጀመሪያዋ ነበረች። ሰዉ ጠበቃ መጣችልን ብሎ ወረቀት ይዞ መጉረፍ ጀመረ። ግቢ የምንጋራት ጎረቤቴ ሰዲያ አንድ ቀን ሻሿን እያጠበቀች መጣች።

«ነጃትዬ፣ ይሄ ሰውዬ ሁለተኛ ሊያገባ ነው። ክሰሽ አስቁሚልኝ።»

«አክስቴ፣ እኔ እኮ ሕገ መንግሥትና ሰብአዊ መብት ነው የማስተምረው። መንግሥት ሰው ላይ ማድረግ የማይችለውን።»

«ታዲያ የእኔ ባል ከመንግሥት በምን ያንሳል? እሱም ተጠይቆ አያውቅም!»

እንዲህ እየሳቅን ነበር። በኋላ ዶክትሬቱን ጀመረች። ዶክትሬት ምንድን ነው ብዬ ብጠይቃት፣ «አንድ ጥያቄ ይዞ መልሱን በማስረጃ ማምጣት ነው» አለችኝ። ጥያቄሽስ ብላት፣ «ሰው ሲያዝ በአርባ ስምንት ሰዓት ውስጥ ዳኛ ፊት መቅረብ አለበት ይላል ሕጉ። ተይዘው ያልቀረቡት፣ የድሮዎቹም የአሁኖቹም፣ ምን ሆኑ? ነው ጥያቄው» አለች። እኔ በሰዓት መቁጠር አይሆንልኝም። በጣቴ ቆጠርኩና «አሥር ሰላት ማለት ነው» አልኳት። ሳቀችና ጻፈችው። ከዚያ እንግዲህ መዞር ነው። በሸራ ጫማ፣ ጥላ ይዛ፣ ጫት ወደሚተከልበት ወደ ሶፊ ትወጣለች፤ ወደ ድሬ ጠያራ ትወርዳለች፤ በኦሮምኛ፣ በአማርኛ፣ በእኛው በሐረሪው ትጠይቃለች። አንዳንዱ ውሃ አጠጥቶ ይመልሳታል። አንዳንዱ ሦስት ጊዜ መልሷት በአራተኛው ይናገራል። «ስሜን ትጽፊዋለሽ?» ነው ሁሉም የሚላት። «ለፈታኞቼ ብቻ፣ ሰው መኖሩን እንዲያምኑ። መጽሐፉ ላይ አይወጣም» ትላለች። በዚህ አኳኋን ሁለት ዓመት ሙሉ የጻፈችው ጠንካራ ልባስ ባላቸው ሦስት ደብተሮች ውስጥ ነበር።

ዓመቱን አትጠይቁኝ። ሰው ሬዲዮ ሲከፍት ድምፁን ዝቅ የሚያደርግበት ጊዜ ነበር፤ ይህን ነው የማስታውሰው፣ ደግሞ ቲማቲም ረክሶ በጆንያ ይደፋ እንደነበር። አንድ ሐሙስ ከዙሁር ሰላት በኋላ ነጃት ገባች። አቀማመጧ ልክ አልነበረም። ከሻርፕዋ ውስጥ ሦስቱን ደብተሮች አውጥታ ጭኔ ላይ አኖረቻቸው።

«እማዬ፣ ቢሮዬን ከፍተው በርብረውታል።»

«እነማን?»

«ስማቸውን ትተው አይሄዱም። እነዚህ ቦርሳዬ ውስጥ ስለነበሩ ነው የተረፉት። ስም አለባቸው፤ ስምና ሰፈር። እኔ ብያዝ ሕግ አውቃለሁ፣ ጯሂም አለኝ። እነሱን ግን ማን ይጮህላቸዋል?»

«እናቃጥለው በቃ!»

«የሚመጣው ወር ፈታኞቼ ፊት እቀርባለሁ። እነዚህን ካላሳየሁ ‹ከልብሽ ፈጠርሽው› ብለው ይጥሉኛል። ሁለት ዓመቴ ነው፣ እማዬ፤ ሥራዬም ነው። ደብቂልኝ። የት እንዳደረግሽው ለእኔም አትንገሪኝ፣ ለአባዬም። ቢጠይቁን አናውቅም ብንል እውነት ይሁን።»

አሁን አንድ ነገር ላስረዳችሁ፣ የዛሬ ልጆች ስለማታውቁት። በእኛ ዘንድ ቁርኣን ያለበት ወረቀት ቢያረጅም አይጣልም፣ መሬት አይወድቅም። ገጹ ሲላላ፣ ልባሱ ሲበጠስ፣ ንጹህ የአቡጀዲ ከረጢት ውስጥ ይገባና ከሰው ራስ በላይ ይሰቀላል። ሲሞላ መስጊዱን የሚጠብቁት ሼህ ኢብሮ ከየቤቱ ሰብስበው፣ በነጭ ጨርቅ ገንዘው፣ እግር የማይረግጠው ቦታ ይቀብሩታል፤ ልክ እንደ ሰው። የእኛ ቤት ከረጢት ጓዳው በር ላይ፣ ካስማው ላይ ነበር የተንጠለጠለው። የዩሱፍ አባት ያስቀሯቸው ኪታቦች ሁሉ ተሰባብረው እዚያ ነበሩ። እኔ ያንን ከረጢት አየሁት። ታጥቤ፣ ውዱእ አድርጌ አወረድኩት፤ ደብተሮቹን በነጠላ ጠቅልዬ ከሥር አስገባሁ፤ ከላይ የተላቀቁትን የቁርኣን ቅጠሎች መለስኩ፤ አስተግፊሩላህ እያልኩ ሰቀልኩት። ውዱእ የሌለው ሰው አይነካውም ብዬ ነው። ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ሁለት ሰዎች መጡ። አንዱ ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣ ጎልማሳ ነው፣ አነጋገሩ ጨዋ። ሌላው ወጣት፣ የእኛው የከተማው ልጅ፤ እናቱን ገበያ ላይ አውቃታለሁ፣ እሱም አውቆኛል፣ ዓይኔን ግን አላየኝም። ደጃፉ ላይ ጫማውን አወለቀ። ጎልማሳውም አይቶት አወለቀ። ዩሱፍ እግራቸውን አሟቸው ያን ሳምንት ሥራ አልሄዱም፤ መደቡ ላይ ቁጭ ብለው ሙስበሐቸውን ይቆጥሩ ነበር።

«የልጅዎን ወረቀቶች ነው የምንፈልገው፣ እናቴ። አንቆይም» አለኝ ጎልማሳው።

«ወረቀቷ ዩኒቨርሲቲ ነው» አልኩ።

ሳጥኑን ከፈቱ። የሠርግ ልብሴን አንድ በአንድ አራግፈው መልሰው አጠፉት፣ ጨዋ ናቸው አልኳችሁ። ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን ስፌቶች አወረዱ፤ የዱቄቱን ማድጋ በእንጨት ወጉት። ሰዲያ ከግቢ ሆና፣ «ሃሊማ! እንግዳ አለሽ እንዴ?» ብላ ጮኸች። «አዎ፣ ዕቃ የጠፋባቸው ናቸው!» አልኳት። ወጣቱ ከንፈሩን ነከሰ፤ ሊስቅ ነበር። ጎልማሳው ቀና ብሎ ጓዳው በር ላይ ያለውን ከረጢት አየ።

«ያ ምንድን ነው?»

«ያረጀ ቁርኣን ነው» አልኩ። እውነት ነው፣ አልዋሸሁም።

እጁን ሰደደ። ያኔ ዩሱፍ ሙስበሐቸውን አቆሙ። «ልጄ፣ ውዱእ አለህ?» አሉት። ድምፃቸው ከፍ አላለም።

«እኔ ክርስቲያን ነኝ፣ አባቴ» አለና እጁን እንደ እሳት ሰበሰበ። ከዚያ ወደ ወጣቱ ዞረ። «አንተስ?»

«የለኝም።»

«አድርግ እንግዲህ። ውሃ አለ።»

ውሃውን ያፈሰስኩለት እኔ ነኝ። እስቲ አስቡት፤ ልጄን ሊያጠፋ የሚሰናዳ እጅ ላይ ውሃ እያፈሰስኩ። ውሃው ባያልቅ ብዬ ቀጭን አድርጌ አንጠባጥባለሁ። እጁን ታጠበ፣ አፉን ተጉመጠመጠ፣ አፍንጫውን፣ ፊቱን፣ ክንዱን እስከ ክርኑ። ራሱን አበሰ። እግሩ ላይ ስንደርስ የጣቶቹን መሃል እንኳ አልዘለለም፤ እናቱ በደንብ አስተምራዋለች። ከዚያ ከረጢቱን አወረደ፣ ንጹህ ጨርቅ አስነጠፈኝ፣ ቢስሚላህ ብሎ ፈታው። ቅጠሎቹን በሁለት እጁ እያወጣ ጨርቁ ላይ ያስቀምጣል። ወረቀቱ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ነበር፤ ሲነኩት ይንኮሻኮሻል። «ወደ ታች እይ» አለው ጎልማሳው። ክንዱን ሰደደ። እስከ ግማሽ ገባ። እኔ የማውቀውን ሱራ ሁሉ ቀላቅዬ እያልኩ ነው፤ መጀመሪያውንና መጨረሻውን አላውቅም። ዩሱፍን አየኋቸው፤ ፊታቸው አመድ መስሏል። ያኔ አንድ ቅጠል ተሰብሮ ቁራጩ መሬት ወደቀ። ወጣቱ ክንዱን አወጣ። ቁራጯን አነሳ፣ ሳማት፣ ግንባሩን አስነካት።

«እየተሰባበረ ነው። ከዚህ በላይ አልቆፍረውም» አለ።

«ጨርስ እንጂ።»

«ቁርኣን ነው አልኩህ። ከፈለግክ ለአለቃ ንገረው።»

ሁሉንም መልሶ ራሱ ሰቀለው። ሲወጡ ጎልማሳው «ልጅዎ ሰኞ ቢሮ ትምጣ» አለኝ። ሰኞ ሄደች፤ እስከ ከሰዓቱ ሰላት አስቀምጠው አንዱን ጥያቄ ሲደጋግሙባት ውለው ለቀቋት። እኔም አልሐምዱሊላህ አልኩ። አንዴ ተፈትሾ ያለፈ ቦታ ከሁሉ ይሻላል ብዬ ደብተሮቹን አልነካኋቸውም። ለዩሱፍም አልነገርኩም፤ አትንገሪ ተብያለሁ። በዚያው ሳምንት ሶፊ ያለችው እህቴ ባሏ ሞተባት ተብሎ ተጠራሁ። ሦስት ቀን ብዬ ሄጄ ሰባት ቀን ቆየሁ፤ ለቅሶ ጥሎ አይመጣም።

ስመለስ ካስማው ባዶ ነበር።

«ከረጢቱስ?» አልኩ።

«ሼህ ኢብሮ እየሰበሰቡ መጡ። ሞልቷል ብዬ ሰጠኋቸው» አሉ ዩሱፍ።

እኔ ጓዳው በር ላይ ተቀመጥኩ። ያኔ ነው የነገርኳቸው። ዩሱፍ አፍጥጠው አዩኝ። «ሦስቱንም?» አሉ። «ሦስቱንም» አልኩ። ተነስተው፣ በዚያ በሚያማቸው እግር፣ ግቢውን ሦስት ጊዜ ዞሩት።

ነጃት በማግስቱ መጣች። ስነግራት አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ተያይዘን ሼህ ኢብሮ ዘንድ ሄድን። እሳቸው ከፈላና በር ውጭ፣ ከመቃብሩ ዳር፣ ከሰፈሩ ሁሉ የተሰበሰበውን በአንድ ላይ ገንዘው ቀብረውታል።

«የቱ ጋ እንደሆነ ያሳዩኝ ብቻ» አለቻቸው ነጃት።

«አላሳይሽም፣ ልጄ። የተቀበረ አይወጣም።»

«የእኔ እኮ ቁርኣን አይደለም። የሰው ቃል ነው።»

«የነገሩሽ ሰዎች ቢስሚላህ ብለው አይደል የጀመሩት?»

 «ብለው ነው» አለች ነጃት።

ቢሆንም የምትመለስ አልመሰለኝም፤ ልጄን አውቃታለሁ፣ ድንጋይ በጥፍሯ ትገለብጣለች። ፈላና በር ጋ ስንደርስ ግን ቆመች። ማዶ፣ ሙዝ ከሚሸጡት ሴቶች አጠገብ፣ አንድ ሰው ጋዜጣ ዘርግቶ ቆሟል። ጠዋት ከቤታችን ስንወጣ ጥግ ላይ የነበረው ሰው ነው። እኔ አላስተዋልኩም፣ እሷ ናት የነገረችኝ። «እማዬ፣ አትዙሪ። ብቆፍር ለእሱ ነው የምቆፍርለት» አለች። ሙዝ ገዛች፣ ሰውዬው አጠገብ ቆማ፣ ተከራክራ። ክንዴን ይዛ ወደ ቤት መለሰችኝ። መቃብሩ አካባቢ ዳግመኛ አልሄደችም።

ወሩ ደረሰ። ፈታኞቹ ፊት ቀረበች። አራት ሰዎች፣ ረጅም ጠረጴዛ፣ የታሸገ ውሃ፤ እሷ እንደነገረችኝ ነው። ማስረጃሽን አምጪ አሏት። «አለ፣ ግን ላመጣው አልችልም» አለች። የት ነው ሲሏት አልነገረችም። አንደኛው፣ «ያላየነውን እንዴት እንመን?» አላት። ልክ ነው፣ እሱም ሥራው ነው። ጣሏት። ከእሷ በኋላ የመጡት ዶክተር እየተባሉ፣ እሷ ጀማሪዎቹን ስታስተምር፣ የሌላ ሰው ፈተና ስታርም ዓመታት ሄዱ። ሰዲያ እንኳ፣ አፏን የማትሰበስበዋ፣ ያን ሰሞን ስለ ትምህርቷ አትጠይቃትም ነበር። ጊዜው ትንሽ ሲለዝብ ሸራ ጫማዋን አውጥታ እንደገና ወጣች፤ ያንኑ ሶፊ፣ ያንኑ ድሬ ጠያራ፣ ያንኑ ደጃፍ። አንዳንዱ ሞቷል። አንዳንዱ ሰፈር ለቋል። ጨርሶ፣ «አንዴ ነግሬሻለሁ፣ ሁለተኛ አልችልም» ያላትም አለ። ከተገኙት ጽፋ፣ እንደገና ቀርባ፣ አለፈች። ዛሬ ልጆች የሚማሩበት መጽሐፍ ያ ነው። እኔ ግን ያን ሁሉ ዓመት ቀና ብዬ ላያት አልችልም ነበር። ልጅሽን ዜሮ ያደረግሽ አንቺ ነሽ ይለኝ ነበር ልቤ፣ በየሰላቱ።

ዩሱፍ ከሞቱ በሦስተኛው ዓመት፣ አንድ ቀን ነጃት ፀጉሬን ሂና ስትቀባኝ፣ አፉ በይኝ አልኳት። ለደብተሮቹ። እጇን አቆመች።

«እማዬ፣ ሁለተኛ ስዞር ልድገምልሽ ያላለኝ አንድ ሰው ነበር። የመጀመሪያው ደብተር የመጀመሪያው ገጽ የእሱ ነው። ሲሞት ካልሆነ ለአንቺ እንዳልነግርሽ አስምሎኛል። እሱ ከሞተም አፌ እምቢ ብሎኝ ነው እስከ ዛሬ።»

«ማነው?»

«አባዬ።»

ከተጋባን በሁለተኛው ዓመት፣ ነጃት ሳትወለድ፣ ዩሱፍ ስምንት ወር ከቤት ጠፍተው ነበር። ጨርቅ ላመጣ ጅቡቲ ሄጃለሁ በሏት ብለው በሰው ላኩብኝ፤ ከስተው፣ ፂማቸው ተላጭቶ ሲመለሱም ድንበር ተዘግቶብኝ ነው አሉኝ። እኔ እስኪሞቱ ድረስ አላመንኳቸውም። እዚያ ሌላ ሴት አለችዎ እያልኩ፣ ሰው ፊት ሳይቀር፣ «የጅቡቲዋ ደህና ናት?» እላቸው ነበር። አንድም ቀን አልመለሱልኝም። ጅቡቲ አልሄዱም ነበር። እዚሁ ሐረር ነበሩ፣ ከከተማው ግንብ ወጣ ብሎ፣ መስኮት በሌለው አንድ ክፍል ውስጥ፣ ዳኛ ሳያዩ። ሱብሒ ሱብሒ እኔ የምነሳበትን የመስጊዳችንን አዛን ከዚያ ሆነው ይሰሙ ነበር።